በሮም ታሪክ ጀርባ ላይ የተጻፈው መልእክት

የእሑድ አምልኮ ስብከት፣ ለንደን
የንባብ ክፍል፦ ዕብራውያን 4፥12፤ 11፥13፤ 12፥1-2

ወገኖቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወደ ዕብራውያን መልእክት ግለጡ፤ በስልክ የምታነቡም ክፈቱት። ዛሬ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን መልእክቱ የተጻፈበትን ወረቀትም እናያለን። ታገሡኝ፤ ወረቀቱም የሚሰብከው ስብከት አለው።

ከእናንተ ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጭንቀት አለ። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ለእረፍት ቤት ሲመጣ እራት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እማዬ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እኮ ሲገለበጥ ሲገለበጥ ተቀይሯል፤ ዋናው የለም» ይላል። እናት ትደነግጣለች። አባት ይቆጣል። ልጁም ያን ቀን አንድ ነገር ይማራል፦ በዚህ ቤት ጥያቄ አይጠየቅም። በሚቀጥለው እረፍት ጥያቄውን አያመጣም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይመጣም። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩም ታውቁታላችሁ፤ አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ሻይ ይዞ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ብዙዎቻችን ያለን መልስ ወይ ቁጣ ነው፣ ወይ ዝምታ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ልጁ በአንድ ነገር ልክ ነው። ጳውሎስ በእጁ የፈረመበት ደብዳቤ በየትኛውም ሙዚየም የለም። ዮሐንስ የጻፈው የመጀመሪያው ጥቅልል የለም። ያሉን ቅጂዎች ናቸው። «ስለዚህ ተቀይሯል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለመመለስ ቅጂዎቹን ማየት ያስፈልጋል። እናያቸዋለን።

ደንገል

ከአዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች መካከል የጥንቶቹ የተጻፉት በፓፒረስ ላይ ነው። ፓፒረስ ሲባል ሩቅ አገር አትሂዱ። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ደንገል ነው። ጣና ላይ ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚሠራበት ያው ደንገል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ግብፅ ሲደርስ፣ እዚያ በዳርቻው የበቀለውን ደንገል ሰዎች ወረቀት አደረጉት። የሙሴ እናትም ሕፃኑን ያስቀመጠችበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ ነበር። እግዚአብሔር ውድ ነገሩን በደንገል ላይ ማሳፈር ልማዱ ነው ብል አታኩርፉኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግንዱ ይላጣል፤ ውስጡ በስሱ ይሰነጠቃል። ስንጥቆቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ በላያቸው ሌላ ድርድር በተቃራኒው አቅጣጫ ይነጠፋል። ይጨመቃል፣ ይደርቃል። ስለዚህ የደንገል ወረቀት ፊትና ጀርባ አለው። በፊቱ ክሩ በአግድም ስለሚሄድ ብዕር ይንሸራተትበታል። በጀርባው ክሩ ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ብዕሩን ያንገጫግጨዋል። ሰው የሚጽፈው በፊቱ ነው፤ በጀርባው የሚጽፍ የቸገረው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ደንገል እርጥበት ከነካው ይበሰብሳል። ከሮም፣ ከኤፌሶን፣ ከአንጾኪያ የጥንት ቅጂዎች ያልደረሱን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የግብፅ አሸዋ ግን ደረቅ ነው። ከካይሮ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዛሬ አል ባህናሳ በሚባለው ስፍራ፣ ኦክሲሪንከስ የምትባል ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት የዚያችን ከተማ የቆሻሻ ክምር ቆፈሩ። አዎ፣ የቆሻሻ ክምር። ከዚያ የግብር ደረሰኝ ወጣ፣ የቤት ኪራይ ውል ወጣ፣ ልጅ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ ወጣ። ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ የማቴዎስ ወንጌል ወጣ፣ ዮሐንስ ወጣ፣ ዕብራውያን ወጣ። እስከ ዛሬ ከግብፅ ከተገኙት የአዲስ ኪዳን የደንገል ቅጂዎች በዝርዝር የተመዘገቡት ከ130 በላይ ናቸው። አንዳንዱ ከመዳፍ ያነሰ ቁራጭ ነው፤ አንዳንዱ ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍ ነው።

ፊቱና ጀርባው

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ወጥታችሁ በዩስተን መንገድ ጥቂት ደቂቃ ስትራመዱ ቀዩን የሸክላ ሕንጻ ታገኛላችሁ፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ስንቶቻችን በየቀኑ እናልፈዋለን! እዚያ ዝነኛው ኮዴክስ ሲናይቲከስ አለ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በብራና ላይ የተጻፈ፣ በ1933 ከሶቪየት መንግሥት በ100 ሺህ ፓውንድ የተገዛ። እዚያው ቤት ግን ፓፒረስ 1532 የሚል ቁጥር የተሰጠው፣ ምሁራን ፒ13 የሚሉት፣ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ጥቅልል አለ። የወጣው ከኦክሲሪንከስ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እርሱን ነው።

በፊቱ የተጻፈው በላቲን ነው። ሊቪ የሚባል ሮማዊ የሮምን ታሪክ በ142 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ይህ የእርሱ አጭር ማጠቃለያ ነው። የጦር አለቆች ስም፣ የተያዙ አገሮች፣ የድል ዜና። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተገለበጠ ነው። ጥቅልሉ ካገለገለ በኋላ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ያ ሰው ገለበጠውና በሻካራው ጀርባ፣ በግሪክ፣ የዕብራውያንን መልእክት ጻፈበት። ይህም የሆነው በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ4ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው።

ወገኖቼ፣ አያችሁት? ፊት ለፊቱ ዓለምን ያሸነፉት ሰዎች ታሪክ ነው፤ ጀርባው ደግሞ በዓለም ላይ እንግዶች ነን ያሉት ሰዎች ታሪክ። ከዚህ ጥቅልል ከተረፈልን መካከል ከምዕራፍ 10፥29 እስከ 11፥13 ያለው ይገኝበታል። 11፥13ን ተመልከቱ። አብርሃምና ሣራ የተስፋውን ፍጻሜ በእጃቸው ሳይጨብጡ፣ ከሩቅ አይተው እንደ ተሳለሙት፣ በምድርም ላይ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸውን በአፋቸው እንደ መሰከሩ ይናገራል። ይህ ቃል በሮም ገናናነት ጀርባ ላይ ተቀምጧል። ገልባጩ ይህን አስቦ አደረገው አልልም፤ ወረቀት ቸግሮት ይሆናል። እግዚአብሔር ግን በችግራችን ውስጥ መናገር ያውቅበታል። አሜን?

ይህን ያደረገው ሰው ስሙን አልጻፈም። ንጉሥ ያዘዘው፣ በወርቅ ቀለም ያስጌጠው ሥራ አይደለም። ያገለገለ ወረቀት የያዘ አማኝ ነው። እኛ ለንደን ስንገባ የመጀመሪያውን የክረምት ኮታችንን ከየት ገዛን? ከቻሪቲ ሾፕ አይደለም እንዴ? ሰው የለበሰውን ለብሰን ብርዱን አለፍነው። ያ ወንድም ወይም ያቺ እህት እንዲሁ ናቸው፤ ሰው የጨረሰበትን ወረቀት ወስደው የሕይወትን ቃል ጻፉበት።

ዘመኑንም አስቡ። በ303 ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖች መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ይህ ጥቅልል የዚያ ዘመን ጎረቤት ነው። ሰዎች መጽሐፋቸውን አሳልፈው እንዲሰጡ ይጠየቁ ነበር፤ የሰጡ ነበሩ፣ ያልሰጡም ነበሩ። አንድ ኃይለኛ መንግሥት መርጦ፣ አስተካክሎ፣ ለሁሉ ያደለው መጽሐፍ ነው የሚሏችሁ ካሉ፣ ወደ ደንገሎቹ ውሰዷቸው። ብዙዎቹ ቆስጠንጢኖስ ከመንገሡ በፊት የተጻፉ ናቸው፤ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ቤት፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠየቅ። ሁሉን ሰብስቦ የሚቀይር ሰው ቢኖር እንኳ ሁሉን የሚያገኝበት አንድ ቦታ አልነበረም።

ታዲያ ልዩነት የለም?

አለ። ይህን ከእኔ ስሙት። በእጅ የሚገለበጥ ነገር ስህተት አያጣውም። አሥር ሰው አንድ የሠርግ ጥሪ በእጁ ቢገለብጥ አንዱ ፊደል ይገድፋል፣ አንዱ መስመር ይዘላል፣ አንዱ «ቅዳሜ»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ግን ሠርጉ መቼ እንደሆነ ይጠፋናል? አይጠፋንም፤ ምክንያቱም አሥሩን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጣለን፤ የአንዱን ግድፈት ሌሎቹ ያጋልጡታል። የቅጂዎችን ጥናት የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህን ነው፤ ብዛታቸውን ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን፣ ዝምድናቸውንና የገልባጩን ልማድ ይመዝናሉ። አብዛኛው ልዩነት የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ዕብራውያን 12፥1ን ግለጡ። ጸሐፊው ሩጫችንን ስለሚያሰናክል ኃጢአት ይናገራል። ትርጉሞቻችን የተከተሉት ቃል በቀላሉ የሚከብ፣ የሚተበትብ የሚል ነው። ደብሊን በሚገኘው በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍትና በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተከፍሎ የሚገኝ ፒ46 የሚባል የደንገል መጽሐፍ አለ፤ የጳውሎስን መልእክቶች የያዘ፣ ወደ 200 ዓ.ም. ገደማ የሚመደብ፤ ዕብራውያንም በውስጡ አለ። በእርሱ ላይ ቃሉ በጥቂት ፊደል ይለይና «በቀላሉ ሐሳብን የሚበትን» ይሆናል። ግሪክ ስማር ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አንደኛው ኃጢአት እግርህን ያስራል ይላል፤ ሌላው ዓይንህን ይወስዳል ይላል። ስልኩ በየደቂቃው የሚጮህበት የለንደን ክርስቲያን ሁለቱንም ያውቀዋል! የመጀመሪያው ቃል የትኛው ነው የሚለው ለሊቃውንት ተገቢ ጥያቄ ነው። በሁለቱም ንባብ ግን የምንሮጠው ወደ ኢየሱስ እየተመለከትን ነው።

ከዚህ የሚበልጥም አለ፤ አልደብቃችሁም። በዮሐንስ 8 መጀመሪያ፣ በምንዝር ስለ ተያዘችው ሴት የሚናገረው ታሪክ ፒ66 እና ፒ75 በሚባሉት በሁለቱ ታላላቅ የዮሐንስ የደንገል ቅጂዎች ውስጥ የለም። ብዙ ዘመናዊ ትርጉሞችም ይህን በግርጌ ማስታወሻ ይነግሩናል። አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ያነበቡት፣ የጌታንም ልብ የሚያሳይ ታሪክ ነው። የጥንቶቹ ቅጂዎች ላይ አለመኖሩም እውነት ነው። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር እንችላለን። አባቶች፣ ስሙኝ፤ ልጅህ ይህን በዩቲዩብ ከሚያላግጥ ሰው ከሚሰማው፣ ከአንተ ይስማው። ከአንተ ከሰማው መረጃ ነው፤ ከዚያ ከሰማው ክህደት ይመስለዋል።

እውነትን በውሸት አንደግፍ

አሁን የምናገረው ሊከብዳችሁ ይችላል። እምነታችንን ለመከላከል ስንቸኩል ያልተረጋገጠ ነገር እናሰራጫለን። በ2012 በአሜሪካ አንድ የአደባባይ ክርክር ላይ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቁራጭ ተገኘ ተብሎ ተነገረ። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ በስብከት ተሰበከ። በ2018 እዚሁ ለንደን የሚገኘው የግብፅ ጥናት ማኅበር ቁራጩን በኦክሲሪንከስ ፓፒረሶች ተከታታይ ሲያሳትመው፣ ዕድሜው ከ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 3ኛው መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። ከማርቆስ ምዕራፍ 1 ጥቂት ቁጥሮችን የያዘ፣ በራሱ የከበረ ቅጂ ነው። ለምን መቶ ዓመት ጨመርንለት? እግዚአብሔር የኛን ጭማሪ ይፈልጋል?

በማንችስተር፣ በጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት፣ ፒ52 የሚባል ቁራጭ አለ። 9 በ6 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ በመዳፍ ይያዛል። በ1920 ከግብፅ ተገዝቶ በ1935 ታተመ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ነው። ለብዙ ዓመት 125 ዓ.ም. አካባቢ ነው ሲባል ኖሯል፤ አሁን ግን ብዙ ሊቃውንት፣ የእጅ ጽሑፍን አይቶ ዕድሜ መገመት እንዲህ ጠባብ ሊሆን አይችልም፣ መላውን 2ኛ ክፍለ ዘመን ምናልባትም ከዚያ ጥቂት ማለፍን ታሳቢ አድርጉ ይላሉ። እንግዲህ እኛም እንደዚያው እንበል። በቁራጩ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጌታ በጲላጦስ ፊት ቆሞ ለእውነት ልመሰክር መጣሁ ያለበት ክፍል ነው። ስለ እውነት በሚናገር ወረቀት ላይ ዕድሜ አንጨምር፤ ጌታችንን በሐሰት ምስክር አንርዳው።

ተራው የማን ነው?

ወደ እንግዶቹ ልመለስ። የዕብራውያን መልእክት የተጻፈው ደክሟቸው ለነበሩ ሰዎች ነው። ንብረታቸው ተዘርፎባቸዋል፣ ተሰድበዋል፣ አንዳንዶቹ ከጉባኤ መቅረት ጀምረዋል። ይህ የማን ታሪክ ነው? ሆም ኦፊስ ደብዳቤ እስኪመጣ ዓመታት የጠበቅህ አንተ፣ ሁለት ሥራ እየሠራሽ እሑድ የደከመሽ አንቺ፣ ይህ መልእክት የእናንተ ነው። እንግድነት ቃሉን ለመያዝ አያንስም። ቃሉ እኛ ጋ የደረሰው በአብዛኛው በእንግዶች እጅ ነው።

ሌላ ምስክር ልጨምር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ካይሮ ይኖር ነበር። ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሥራው ወደ አሥር ዓመት ፈጀ፤ ከ9,000 ገጽ በላይ ሆነ። ሲታተም ግን አላየም፤ ወረርሽኝ ገደለው። በ1820 የእጅ ጽሑፉ ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ፤ ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። የማኅበሩ መቀመጫ የት ነበር? ለንደን! ካይሮ የሞተ ስደተኛ ከሩቅ አይቶ ተሳለመው፤ የድካሙ ፍሬ የታተመው እኛ በምንኖርባት ከተማ በነበረ ማኅበር ነው። ዕብራውያን 11፥13 ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ተራው የእኛ ነው። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹ ግን አያነቡም። አማርኛውን አስተምሯቸው፤ ሀብታቸው ነው። ነገር ግን ልጅሽ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲያነብ ፊትሽን አታጥቁሪበት። ጌታችን ያደገው በአራማይክ ነው፤ ደንገሎቹ የተጻፉት በግሪክ ነው። የአክሱም አባቶቻችን ከግሪኩ ወደ ግዕዝ መለሱት፤ አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ። ቃሉ ቋንቋ ሲሻገር ኖሯል፤ ልጅሽ ጋ ሲደርስ አይቆምም። ጥያቄ ሲያመጣ አትቆጡት፤ አስቀምጡት፤ አብራችሁ አንብቡ። የማታውቁትን «አላውቅም፣ እንፈልግ» በሉት። ከፈለጋችሁ ዩስተን መንገድ ውሰዱትና የሲናይቲከስን ገጽ በመስታወት ውስጥ አሳዩት፤ ከዚያ ወጥታችሁ ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩ። ያ ከመቶ ቁጣ ይበልጣል።

በመስታወት ውስጥ የማይቀመጠው

ልጨርስ ነው። ከፒ13 የተረፈው ሌላው ክፍል ከ2፥14 እስከ 5፥5 ነው። 4፥12 በዚያ ውስጥ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ሕያው ነው፣ ይሠራል፣ ከሰይፍ ይልቅ ይሰላል የሚለው። ከዚያ በፊትም ደጋግሞ «ዛሬ» ይላል፤ ዛሬ ድምፁን ብትሰሙ ልባችሁን አታደንድኑ።

ደንገሉ ያረጃል። በላይብረሪው በቁጥር ይቀመጣል፤ ሙቀትና ብርሃን ይለካለታል፤ ሰው በጓንት ባይሆን እንኳ በፍርሃት ይነካዋል። ቃሉ ግን እንዲህ አይደለም። አንተ አታስቀምጠውም፤ እርሱ ነው አንተን የሚከፍትህ። ብራናውንም ደንገሉንም በጥንቃቄ ጠብቆ ቃሉን አለመስማት ይቻላል። መደርደሪያችን ላይ ሦስት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስልካችን ላይ አምስት ትርጉም ይዘን ሳምንቱን አንድ ምዕራፍ ሳናነብ ልናልፍ እንችላለን። ያ ስሙ ያልታወቀ አማኝ አንድ መልእክት ለማግኘት በሻካራ ወረቀት ላይ ብዕሩ እየተንገጫገጨ ጻፈ። እኛ ጣታችንን ማንቀሳቀስ ከበደን?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዕብራውያን 13 ምዕራፍ ነው። በቤታችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ አንዱ ቁጥር በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ሲጠይቁ አዳምጡ። ዛሬ ነው። ነገ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይመለሳል።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ቃልህን በደካማ እጅና በተራ ወረቀት ለእኛ ስላደረስክ እናመሰግንሃለን። በእውነት እንድንይዘው፣ ሳንጨምርና ሳንፈራ እንድናስተላልፈው እርዳን። ጥያቄ ይዘው የራቁ ልጆቻችንን አስብ፤ ሲመለሱ ቁጣ ሳይሆን ጆሮ እንዲያገኙ የእኛን ልብ አለስልስ። ዛሬ ድምፅህን እንስማ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን። ተባረኩ።